ሁለት ባላ፣ ሁለት ቢላዋ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል የአገራችን ሰው። አንድ ወጣት በሁለት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ መመዝገቡን ሲሰማም ፈጥኖ የሚያስታውሰው ይህንኑ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። እኔም በአሜሪካ ሕግንና የመንግሥት ፖሊሲ ጥናትን አጣምሬ መማር ስጀምር ከዘመድ ወዳጅ የደረሰኝ ምርቃት ከዚህ የራቀ አልነበረም። «እሰይ የኔ ልጅ፤ አንዱ ባይሆን አንዱ ያቆምሃል» አለችኝ አክስቴ። የስደተኛ ቤተሰብ ምክር ነውና አልፈርድባትም፤ ቤቱ አንድ ጊዜ የፈረሰበት ሰው ሁለተኛውን ሲሠራ ምሰሶ ቢያበዛ አይደንቅም።

ይሁን እንጂ በእነዚያ አራት ዓመታት ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጎን ለጎን የዚህን ጥምር ትምህርት ታሪክ ስመረምር፣ ነገሩ ከመነሻው የባላ ጉዳይ እንዳልነበረ ተረዳሁ። ሁለት ዕውቀት በአንድ ራስ ውስጥ እንዲያድር የተፈለገው አንዱ ሲነቀል በሌላው ለመንጠልጠል አልነበረም። አንድ ጉዳይ በሁለት ሥልጣን እጅ ሲያዝ፣ በአንድ ዓይን ብቻ የሚመለከተው ሰው ግማሹ ስለሚሰወርበት ነበር። ከዓይኑ ጋር ግን ሌላም ነገር አብሮ ይወለዳል፤ «በሁለት ቢላዋ ይበላል» የሚያሰኘው። ባላ፣ ዓይንና ቢላዋ፤ ሁለት ዲግሪ ከእነዚህ የትኛው ነው? አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝና ታሪኩን አብረን እንመልከት። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዞው የሚጀምረው ከጣልያኗ ቦሎኛ ነው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከአውሮፓ ማዕዘናት ወደዚያች ከተማ የሚጎርፉ ተማሪዎች ሁለት ዓይነት ሕግ ያጠኑ ነበር። አንደኛው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ ትእዛዝ የተሰበሰበው የሮማውያን ሕግ ነው። ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያን ቀኖና ሲሆን፣ ግራቲያን የተባለ መምህር በ1140 ገደማ እርስ በርስ የሚጋጩትን ድንጋጌዎች እያስታረቀ በአንድ መጽሐፍ ካሰናዳቸው ወዲህ ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ሆነ። የመጀመሪያው ሕግ ጌታ ንጉሠ ነገሥቱ፣ የሁለተኛው ጌታ የሮማው ጳጳስ ነበሩ።

የሰው ኑሮ ግን እንደ ጌቶቹ በሁለት አልተከፈለም። አንድ ነጋዴ ገንዘብ አበደረ እንበል። የዮስቲንያኖስ ሕግ በተወሰነ ልክ ወለድ ይፈቅድለታል፤ ቀኖናው ግን አራጣ ነው ብሎ ያወግዘዋል። ተበዳሪው እከፍላለሁ ብሎ ምሎ እንደሆነ ደግሞ፣ መሐላ የነፍስ ጉዳይ ነውና ክርክሩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ችሎት ሊሻገር ይችላል። አንዱን ሕግ ብቻ የሚያውቅ ጠበቃ ነጋዴውን እስከ ደጃፉ ሸኝቶት ይመለሳል እንጂ አብሮት አይገባም። ስለዚህም ሁለቱን ያጣመረ ምሁር ተፈለገ፤ በላቲን «የሁለቱም ሕግ ሊቅ» የሚል ማዕረግም ተፈጠረለት። የዛሬው ጥምር ዲግሪ ጥንታዊ አያት ይህ ማዕረግ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ሊቅነት ግን ወደ ቤተ መንግሥት ሲቀርብ ይፈተናል። በ1158 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ባርባሮሳ በሰሜን ጣልያን ሮንካሊያ በተባለ ሜዳ ጉባኤ ጠራ፤ በቦሎኛ ስመ ጥር የነበሩትን አራት የሮማ ሕግ ሊቃውንትም የንጉሥ መብት የትኛው እንደሆነ እንዲለዩለት ጠየቀ። በዚያ ጉባኤ መንገዱም፣ ወደቡም፣ ቀረጡም፣ ገንዘብ የመቅረጽ ሥልጣኑም የንጉሥ ሀብት ተብሎ ታወጀ። ስለ እነዚሁ ሊቃውንት የሚተረክ አንድ ጨዋታም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በቡልጋሩስና በማርቲኑስ መካከል በፈረስ ሲጓዝ፣ «የዓለም ሁሉ ባለቤት እኔ ነኝን?» ብሎ ጠየቃቸው አሉ። ቡልጋሩስ የሰው ንብረት የአንተ አይደለም አለው፤ ማርቲኑስ ግን አዎን ነህ አለ። ንጉሡም ከፈረሱ ወርዶ ፈረሱን ለማርቲኑስ ሸለመው። ቡልጋሩስ ያን ጊዜ የተናገረው ቃል ቅኔ ነው፤ በላቲን «ፈረስ» እና «ርቱዕ» በድምፅ ይመሳሰላሉና፣ ርቱዕ የሆነውን በመናገሬ ፈረስ አጣሁ ማለቱ ነበር። ታሪኩ በእርግጥ ይህን ይምሰል አይምሰል፣ ተራኪዎቹ ያስተላለፉልን ጥያቄ ግን ሕያው ነው። ዕውቀት ሥልጣን ጋ ሲደርስ ፈረሱን ይመርጣል ወይስ ርቱዑን?

ሥልጣን ዓይኑን ራሱን የሚያጠፋበት ጊዜም አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮማ ጋር ከተጣላ በኋላ፣ በ1535 በኦክስፎርድና በኬምብሪጅ የቀኖና ሕግ ትምህርት እንዲቆም አዘዘ። ከሁለቱ ዓይኖች አንዱ በአዋጅ ተከደነ። ቅሪቱ በፊደል ላይ ቀረ። የሕግ ተመራቂ የሚሸከመው «ኤል ኤል ቢ» ሁለት «ኤል» የሚደግመው በላቲን አጻጻፍ ብዙ ቁጥርን ለማመልከት ነው፤ «የሕግ» ሳይሆን «የሕጎች» ማለት ነው፤ ብዙዎችም የሁለቱን ሕጎች ትዝታ ያነቡበታል። በ1963 የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ለተመራቂዎቹ የሰጠው፣ ዛሬም በኢትዮጵያ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ዲግሪ ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ጠበቃ ቢሮው ግድግዳ ላይ የሰቀለው ወረቀት የቦሎኛን ዘመን በሁለት ፊደል ይዞ ተቀምጧል።

እኛ ዘንድም ቢሆን ሁለቱን ሕግ በአንድ ጥራዝ ማንበብ እንግዳ ነገር አልነበረም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብጻዊው ሊቅ በኢብን አል አሳል በዐረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጾች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊ፣ የቀሩት 29 ሥጋዊ ጉዳዮችን ይመለከታሉ። የክህነቱም፣ የሽያጩና የብድሩም ነገር በአንድ ሽፋን ውስጥ ይኖራል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤትም ለዚህ ዓይነቱ ስፋት ስም አውጥቶለታል። ብሉያትን፣ ሐዲሳትን፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትንና መጻሕፍተ መነኮሳትን አጠናቆ የተማረውን መምህር «አራት ዓይና» ይለዋል። ልብ በሉ፤ አራት ባላ ያለው አላለውም። አራት እንጀራ የሚበላም አላለውም። ትምህርት የሚጨመረው ማየትን ለመጨመር ነው የሚል ፍልስፍና በዚያች ስም ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል።

ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ የዛሬው ጥምር ዲግሪ ቅርጹን ያገኘው እዚያ ነውና። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ዕውቀት ቤት ለቤት የተለየበት ዘመን ነበር። በ1870 የሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት አለቃ የሆነው ክሪስቶፈር ላንግዴል፣ ተማሪ ሕግን ከፍርድ ቤት ውሳኔዎች እየመረመረ እንዲማር አደረገ፤ ይህም «የኬዝ ዘዴ» ተባለ። በ1881 ጆሴፍ ዋርተን የተባለ ባለ ኢንዱስትሪ በሰጠው 100,000 ዶላር በፊላደልፊያ የንግድ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ሃርቫርድም በ1908 የራሱን የንግድ ትምህርት ቤት ከፈተ። የመንግሥት አስተዳደር ትምህርት ግን ዘግይቶ መጣ። የጓንት ፋብሪካ ባለቤትና የቀድሞ የምክር ቤት አባል የነበረው ሉሽየስ ሊታወር በሰጠው ገንዘብ በ1936 የሃርቫርድ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ በ1966 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ስም ተሰየመ።

ቤቶቹ ይለያዩ እንጂ ዘራቸው የተዋለደ ነበር። ከ1919 እስከ 1942 የሃርቫርድን የንግድ ትምህርት ቤት የመራው ዋላስ ዶናም ራሱ የሕግ ምሩቅ ነበር፤ በሕግ ትምህርት ቤት የተማረበትን የኬዝ ዘዴ ወደ ንግዱ ቤት ይዞ ገባና የትምህርቱ ምሰሶ አደረገው። ይሁንና ግንቡ ቆሞ ቀረ። ተማሪው አንዱን በር ሲመርጥ ሌላውን እንዲዘጋ ይገደድ ነበር።

ግንቡን መጀመሪያ የነቀነቀው የ1929 የገበያ ውድቀት ነው። አክሲዮን እንዴት እንደተሸጠ፣ ባለ አክሲዮኑ እንዴት እንደተታለለ ለመረዳት የሕግ መጽሐፍ ብቻ አልበቃም፤ የሒሳብ መዝገብ ማንበብ አስፈለገ። በ1930ዎቹ የየል የሕግ ትምህርት ቤትና የሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ሕግንና ንግድን ያጣመረ ትምህርት አብረው ጀመሩ፤ ብዙም አልዘለቀም። በየል ከነበሩት የሐሳቡ ደጋፊዎች አንዱ ዊልያም ዳግላስ ነበር። ይህ ሰው በ1937 የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ሊቀመንበር፣ በ1939 ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ሙከራው ቢከስምም ሐሳቡ በሰውየው እግር ሄዶ መንግሥት ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ማዕበል የመጣው በ1960ዎቹ ነው። የሊንደን ጆንሰን መንግሥት ለአረጋውያን ሕክምና፣ ለድህነት ቅነሳና ለትምህርት ሰፊ ፕሮግራሞች ዘረጋ። በ1965 ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በጀታቸውን ከሚያስገኘው ውጤት ጋር እያመዛዘኑ እንዲያቀርቡ ታዘዙ። ሕግ አርቃቂ ወጪን፣ ወጪ ቀማሪም ሕግን ማወቅ ግድ ሆነበት። በርክሌይ በ1969 የመንግሥት ፖሊሲ ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ ሌሎችም በዚያው ሰሞን ተከተሉ። ሕግን ከንግድ፣ ሕግን ከፖሊሲ የሚያጣምሩ መደበኛ መርሐ ግብሮችም በዚሁ ዘመን ሥር ሰደዱ። ለንባብ ከሚታወቁት የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች አንዱ በ1975 ከሃርቫርድ የሕግና የንግድ ዲግሪ በአንድነት የወሰደው ሚት ሮምኒ ነው። አባቱ ሕግን፣ ልጅ ንግድን ይመርጡ ነበርና ጥምሩ ትምህርት ሁለቱን አስታረቀ ይባላል። ሰውየው በኋላ የኢንቨስትመንት ድርጅት መሥራች፣ የማሳቹሴትስ ገዥ፣ በ2012 የፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆነ፤ በሦስቱም ደጆች አለፈ።

አሠራሩ ቀላል ሒሳብ ነው። የሕግ ትምህርት ሦስት ዓመት፣ የንግድ ወይም የፖሊሲ ትምህርት ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ በተናጠል ሲደመር አምስት ይሆናል። በጥምር ሲሆን እያንዳንዱ ቤት ከሌላው ቤት የተወሰደውን ኮርስ በከፊል እንደ ራሱ ስለሚቆጥር፣ በአብዛኛው አራት ዓመት ይበቃል። እንደ ኖርዝዌስተርን ያሉት ሕግንና ንግድን በሦስት ዓመት ይጨርሳሉ። ብዙውን ጊዜ አመልካቹ በሁለቱም ቤቶች ለየብቻ ተፈትኖ ለየብቻ መመረጥ አለበት። የመጀመሪያው ዓመት ሙሉ በሙሉ ለአንዱ፣ ሁለተኛው ለሌላው ይሰጣል፤ የቀረው ጊዜ ይቀላቀላል። የዳነው አንድ ዓመት የክፍያ ዕዳን ያቃልላል፤ በምትኩም ተማሪው ወዶ ሊመርጣቸው ይችል የነበሩትን ኮርሶች ይሠዋል።

በወረቀት ላይ ያልተጻፈውን ደግሞ እኔ ልንገራችሁ። በሕጉ ቤት የፖሊሲ ሰው፣ በፖሊሲው ቤት የሕግ ሰው ትሆናለህ። አብረውህ የጀመሩት ጓደኞችህ ከአንተ ቀድመው ተመርቀው ይሄዳሉ፤ ከኋላ የመጡት ደግሞ እንደ እንግዳ ያዩሃል። በስደት ያደገ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል፤ እዚህ ሐበሻ፣ እዚያ ፈረንጅ እንደ መባል ነው። ግን በሁለቱ ደጆች መካከል የቆመ ሰው፣ ከውስጥ ያሉት የማይሰሙትን አንድ ነገር ይሰማል። ያው ቃል በየቤቱ ሌላ ፍቺ እንዳለው።

«ኬዝ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። በሕግ ቤት ኬዝ ያለቀ ነገር ነው፤ ዳኛው ፈርዷል፤ ተማሪው ለምን እንዲህ እንደተፈረደ ይመረምራል። በንግድ ቤት ኬዝ ያላለቀ ታሪክ ነው፤ ሥራ አስኪያጁ ሊወስን ሲል ትረካው ይቆረጣል፤ ተማሪው «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ይባላል። በፖሊሲ ቤት ደግሞ ኬዙ ለአንድ ባለሥልጣን በሁለት ገጽ የሚቀርብ ማስታወሻ ይሆናል፤ ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል፣ ስንት ይፈጃል? አንደኛው ወደ ኋላ፣ ሁለተኛው ወደ ነገ ጧት፣ ሦስተኛው በችሎቱም በቢሮውም ውስጥ ወደሌለው ሕዝብ ይመለከታል።

ልዩነቱ የገባኝ በ1970 የኒው ዮርክ ግዛት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የወሰነውን የቡመርና የአትላንቲክ ሲሚንቶ ኩባንያ ክርክር ሳነብ ነው። በኦልባኒ አጠገብ የተተከለ አንድ የሲሚንቶ ፋብሪካ በአቧራው፣ በጭሱና በንዝረቱ ጎረቤቶቹን አስመረረ። ጎረቤቶቹም ከሰሱና ፋብሪካው ጥፋተኛ ሆኖ ተገኘ። የቀድሞው የግዛቲቱ ልማድ እንዲህ ያለውን ጥፋት በእግድ ማስቆም ነበር። ፋብሪካው ግን ከ45 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበትና ከ300 በላይ ሠራተኞች ያሉት ነው፤ የጎረቤቶቹ ዘላቂ ጉዳት ደግሞ በጠቅላላው 185,000 ዶላር ተገመተ። አብላጫው ድምፅ ፋብሪካው ዘላቂ ካሳውን ከከፈለ ሥራውን ይቀጥል አለ፤ የአየር ብክለትን መቆጣጠር የመንግሥት እንጂ የአንድ ችሎት ሥራ አይደለም ሲልም አስረዳ። በልዩነት የጻፉት ዳኛ በበኩላቸው ውሳኔው ጥፋትን በገንዘብ የማስቀጠል ፈቃድ መስጠት እንደሆነ አስጠነቀቁ።

በሕግ ዓይን ጥያቄው እግድ ወይስ ካሳ የሚል ነው። በንግድ ዓይን 185,000 ዶላር ከ45 ሚሊዮን አጠገብ ሲቀመጥ በወጪ መዝገብ ላይ አንዲት መሥመር ናት፤ ይከፈልና ይታለፋል። በፖሊሲ ዓይን ግን ሌላ ነገር ይታያል። ያው አቧራ ያልከሰሱትም ሰዎች ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ እነርሱ ግን በመዝገቡ ላይ የሉም። የአሜሪካ የተጠናከረ የንጹሕ አየር ሕግ የተፈረመው በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 31 ነበር። ችሎቱ አልችልም ያለውን ጉዳይ ሕግ አውጪው በራሱ መንገድ ያዘው። አንዱን ዓይን ብቻ ይዞ ያነበበ ተማሪ ፍርዱን ያውቃል፣ ወይም ሒሳቡን ያውቃል፣ ወይም አየሩን ያውቃል። የሦስቱን መጋጠሚያ ለማየት ከአንድ ደጅ በላይ መቆም ያስፈልጋል።

ቢላዋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ይህን መጋጠሚያ ማየት የቻለ ሰው ዕውቀቱን ለማን እንደሚያውለው ዲግሪው አያዝዘውም። ሕጉን ለምን እንደተጻፈ የሚያውቅ፣ ኩባንያው ስንት ቢከፍል እንደሚያዋጣው የሚያሰላ፣ ባለሥልጣኑም የትኛውን ማስታወሻ እንደሚያነብ የተማረ ሰው፣ ለመንደሩ ሰዎች ሊቆም ይችላል። ትናንት ያረቀቀውን ደንብ ማምለጫ ዛሬ ሊሸጥም ይችላል። ያውም ትምህርት ቤቱ ያስተማረው ክህሎት በሁለቱም ሥራ እኩል ያገለግላል። የቦሎኛ ሊቃውንት የሮማን ሕግ የተማሩት አንድ ዓይነት መጽሐፍ ከፍተው ነበር፤ በትረካው አንደኛው ፈረስ ይዞ ተመለሰ፣ ሌላው በእግሩ።

ስለዚህ ከቤተሰቤ ምርቃት ጋር ያለኝ ክርክር የትሕትና ክርክር ነው። ባላ መትከል ነውር አይደለም። ኪራይ የሚከፍል፣ ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ልጅ አንዱ ሲነቀል የሚይዘው ነገር ሊኖረው ይገባል። ነገር ግን ሁለቱን ዲግሪ በባላነት ብቻ የያዘ ሰው በመካከላቸው ያለውን ነገር ሳያይ ያልፋል፤ በአንዱ ይንጠለጠላል እንጂ በሁለቱ አይመለከትም። ከዚህ የባሰው ደግሞ በሁለቱ እየቆረጠ የሚበላው ነው፤ እርሱ መካከሉን አይቶታል፣ ግን ገበያ አድርጎታል።

የአብነት መምህራን ከብዙ ዘመን በፊት ለሊቅ ስም ሲያወጡ ከባላና ከቢላዋ ይልቅ ዓይንን መምረጣቸው እንዲሁ አልመሰለኝም። ዓይን ለባለቤቱ ብቻ አያገለግልም። ዓይን ያለው ሰው ገደሉን ሲያይ ከኋላው ለሚመጣው ይጣራል። በሁለት ትምህርት ቤቶች ደጃፍ የምትመላለሱ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚጠብቃችሁ ፈተና ከሁለቱ ቤቶች የማለቂያ ፈተናዎች ሁሉ ይከብዳል፤ ቀኑ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ፈታኙም አስቀድሞ አይታወቅም። አንድ ቀን አንድ ጌታ ከፈረሱ ላይ ሆኖ ይጠይቃችኋል። ያን ጊዜ በእግር ለመመለስ የሚበቃ ጉልበት ይስጣችሁ።

ቸር እንሰንብት።